ለመስጠት መክሳት

«እየበላች ነው እንጂ፣ ምን ጥርጥር አለው» ስትል ነው አብሳይዋ የሰማቻት። የወንድሟ ሚስት በረንዳው ላይ ቆማ የታጠበ አንሶላ እያሰጣች ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ፣ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ ስለሆነ ግማሹ ቃል ይዋጣል፣ ግማሹ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። «ዛሬ ትመዘናለች። እንደ በፊቱ አይሆንም ብለው ይመልሷታል፣ እኔ ልንገርሽ። መስጠት ስላልፈለገች ነው። አፍ አውጥታ እንቢ ማለት ቢከብዳት በሆዷ እንቢ እያለች ነው።» አብሳይዋ የሕንፃውን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ነግቶባት፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ በሩን በቀስታ ከፍታ የገባችው ያኔ ነበር። የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጉሮሮውን ጠርጎ መምጣቱን ያሳውቅ ነበር። እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና በባዶ እግሯ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውሃውን ለቀቀች። እስኪሞቅም አልጠበቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በእጥበት ነው የሚኖረው። ከዘመድ አንድ ኩላሊት ከተገኘለት ይድናል አሉ ሐኪሞቹ። የሚስቱ ደም አልገጠመም። አንዷ እህታቸው የስኳር በሽተኛ ናት። ታናሽ ወንድማቸው፣ በሠፈሩ ጡንቻው እየተባለ የሚጠራው የስፖርት አሰልጣኝ፣ ሲመረመር ከርሞ አንድ ቀን ማታ መጣና «ለመስጠት አትሆንም ተባልኩ» አለ። ለምን ቢሉት «እነሱ ምክንያት ይናገራሉ ብላችሁ ነው?» ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እንዲያ ያለ ደረት ያለው ሰው ሲያለቅስ አይተው ስለማያውቁ ቤተሰቡ በሙሉ እሱን ማጽናናት ያዘ። በሽተኛው ራሱ ከሶፋው ተነስቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። የቀረችው እንግዲህ አብሳይዋ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የምትኖረውም እዚያው ወንድሟ ቤት፣ በኋለኛው ክፍል። ስለዚህ ትሰጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። የጠየቋት መቼ እንደምትመረመር ነው። ቢጠይቋትም እሺ ትል ነበር፣ ጋሼ ነዋ። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ ገብቶ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ሳይለቅ አርጅቶ፣ ሁሉንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው። ደሟ ገጠመ፣ ኩላሊቷ ጤነኛ ነው ተባለ፣ ልቧም እንደዚያው። የጎደላት፣ ወይም የተረፋት ማለት ይሻላል፣ ክብደቷ ነበር። ከሰማንያ ኪሎ በታች ካልወረደች ቢላ አናሳርፍባትም አሉ።

ያኔ ነው ጡንቻው ወገቡን ታጥቆ የተነሳው። በስልኳ የካሎሪ መቁጠሪያ ጫነላት። የምትበላውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ስልኩ ይደምራል፣ ለቀኑ ከተፈቀደላት ስታልፍ ቁጥሩ ይቀላል። ማታ ማታ እየመጣ እንደ ፈታኝ አስተማሪ ስልኩን ተቀብሎ ያያል፣ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ «ይቺ ዳቦ ለምን አስፈለገች?» ይላል። ደረጃ መውጣቱንም ያዘዘላት እሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አጠገቧ ቆሞ «በርቺ እቴቴ፣ ሻምፒዮን» እያለ ያጨበጭብላታል። እሷም ትንፋሽ ስታገኝ «ሻምፒዮን አይደለሁም፣ ሊፍት የተበላሸበት ሕንፃ ተከራይ ነኝ» ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ። ከደንበኞቹ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚቀበልበትን ሥራ ለእህቱ በነጻ፣ ያውም ጎሕ ሳይቀድ ከሞቀ አልጋው ተነስቶ ሲሠራላት ዘመድ ሁሉ መረቀው። እሷም መረቀችው።

ክብደቷ ግን ንቅንቅ አላለም። ማታ ሆዷ ከጀርባዋ እስኪጣበቅ ተርባ ትተኛለች፣ ጠዋት ላብ በላብ እስክትሆን ደረጃውን ትወጣለች፣ ሚዛኑ ላይ ስትቆም ያው ናት። ስልኳ ጎበዝ ይላታል፣ ሚዛኑ ውሸታም ይላታል። ቤት ውስጥ አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገራትም። ብቻ የብስኩቱ ቆርቆሮ ከምግብ ቁም ሳጥኑ ተነስቶ ባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ገባ። እሷ ስትመጣ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። ኩሽና ውስጥ ሳህን ካንኳኳች ሚስትየው አንድ ነገር የረሳች መስላ ብቅ ትላለች፣ ዓይኗ ግን የአብሳይዋ አፍ ላይ ነው።

ጉዱ የተገኘው ሆስፒታሉ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ የላካት ዕለት ነው። ባለሙያው ስልኳን ካየ በኋላ ሥራዋን ጠየቃት። የመሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ዋና ምግብ አብሳይ መሆኗን ነገረችው፣ ትንሽም ኮራ ብላ። «ስትቀምሺስ ትጽፊያለሽ?» አላት። ሳቋ መጣ። መቅመስ መብላት ነው እንዴ? ለአናጺ መለካት ምን እንደሆነ ለሷም መቅመስ ያው ነው። ሥራ ነው። ከስጎው በማንኪያ፣ ዘይቱ ከተንሳፈፈበት በኩል። ሩዙ በስሎ እንደሆነ አንድ ጭብጥ። ድንቹ ከመጥበሻው ሲወጣ ጨዉ ደርሶ እንደሆነ። ከዚያ ስጎው ሲወፍር እንደገና። ከጠዋት እስከ ከሰዓት፣ ያን ሁሉ ሠራተኛ ለማብላት። ባለሙያው አልተከራከራትም። ነገ ሥራ ስትገቢ በቀመስሽ ቁጥር ያንኑ ያህል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አጠራቅሚ ብቻ አላት። አጠራቀመች። ምሳ ሳይደርስ ሳህኑ ሞልቶ ሌላ ሳህን ፈለገች። የራሷን ምላስ ሥራ እንዲህ ተቆልሎ ስታየው፣ ዘይቱ ረግቶ፣ ድንቹ ተልፈስፍሶ፣ ሰው እንዳያይባት በክዳን ከደነችው። ያን ቀን ማታ ለጡንቻውም ለሚስትየውም ነገረቻቸው። ጡንቻው ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። ሚስትየው «ይገርማል» አለች፣ ፊቷ ግን ምንም አልገረመውም። ሰበብ ተገኘ ማለቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አብሳይዋ ሳትቀምስ ነው የምታበስለው። በማሽተት፣ በዓይን፣ በአረፋው ድምፅ። ጨዉን የምትቀምስላት ሽንኩርት ከታፊዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ጨው ወዳጅ። ኪሎዋ እየወረደ መጣ፣ ቀሚሷ ሰፋ፣ ቀለበቷ ዕቃ ስታጥብ ሾልኮ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በረንዳ ላይ የሚወራው ግን አልተለወጠም። ሰው አንዴ ፍርዱን ከሰጠ ወዲያ ሚዛን አያይም።

ታጥባ ስትወጣ ጋሼ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው። ከፊቱ አንዲት ትንሽ ስኒ ውሃ አለች። ውሃ በልክ ነው የተፈቀደለት፣ ከልኩ ካለፈ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ያቺን ስኒ አንስቶ ከንፈሩን ብቻ ያረጥብና ይመልሳታል። እሷ እንቁላሏን ቀቅላ፣ ዳቦዋን በቢላ ለሁለት ከፍላ ግማሹን አስቀምጣ፣ በስልኳ ጻፈችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሱ ውሃ ይቆጥራል፣ እሷ ምግብ ትቆጥራለች። ድሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ አያልቅም ነበር፣ አሁን የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሚስትየው ከበረንዳው ገብታ ባዶውን የልብስ ሳፋ አስቀመጠችና ሁለቱንም አየቻቸው። «ዛሬ ነው አይደል?» አለች። ዛሬ ነው አለቻት አብሳይዋ። «እግዜር ይርዳሽ» አለች ሚስትየው፣ ግማሹን ዳቦ እያየች። ጋሼ ሚስቱ እስክትሄድ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባይሆንም ባይሆን አንቺ የምትችይውን አድርገሻል። ከስተሽ ሳይሽ እኔ ነኝ የበላሁሽ የሚመስለኝ» አላት። ዝም በል፣ አንተ ደግሞ ብላ ተነሳች።

ካፍቴሪያው ውስጥ እንፋሎቱ ጣሪያውን አርሶ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ከትልቁ ድስት ፊት ቆማ ስጎውን ስታማስል የቲማቲሙ ሽታ ልቧን ይዞት ሊሄድ ደረሰ። ማንኪያው እጇ ላይ ነው። አንዴ ብትቀምስ ማን ያያል? ግን ዛሬ መመዘኛዋ ነው፣ ማንኪያውን ለሽንኩርት ከታፊዋ ሰጠቻት። ከታፊዋ ቀመሰች፣ ምላሷን አጮኸች፣ ትንሽ ጨው ይፈልጋል አለች። ተጨመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኖቹ ግማሽ ግማሽ እየሆኑ መመለስ ጀመሩ። ከሰልፉ መሀል አንዱ ሠራተኛ ይሄ ስጎ ነው ወይስ የባሕር ውሃ ብሎ ሌሎቹን አሳቃቸው። አብሳይዋ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆና ሰማችው። በዚህ ቦታ አስራ ምናምን ዓመት ስትሠራ ሰው ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲመልስ እንጂ እንዲህ ሲቀልድባት አታውቅም።

የካፍቴሪያው ኃላፊ ምሳ ሲያልቅ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፣ በሩን ዘግቶ ነው የተናገራት። «እትዬ፣ ድሮ የአንቺ ምላስ ነበር ይሄን ቤት ያቆመው። ምን ነካሽ?» አላት። ለምን እንደማትቀምስ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው አልተናገረችም። አንጀታቸውን መብላት አትፈልግም፣ ደግሞም ሳይሆን ቢቀር ማፈሯ ነው። ትንሽ አመመኝ ብላ አለፈችው። እሱም ከሰኞ ጀምሮ ድስቱን ሌላ ሰው እንደሚይዘው፣ እሷ ለጊዜው ወደ ሻይና ዳቦው በኩል እንደምትዛወር ነገራት። ለጊዜው የምትለዋን ቃል ሁለቴ ተናገራት፣ ያም ለጊዜው አለመሆኑን አስታወቃት። እሺ አለች። ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈችው፣ ብዙም አላዘነችም። የዛሬው ሚዛን ይውረድልኝ እንጂ ድስቱ ለሚፈልገው ይሁን አለች በሆዷ። ሰው ሁለት ነገር በአንዴ ሊለምን አይገባም ብላ የምታምን ሴት ናት።

ጡንቻው የሆስፒታሉ በር ላይ በስፖርት ልብሱ ቆሞ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይጠብቃታል። ቁርስ ላይ የበላችውን ጠየቃት፣ ስልኳን ተቀብሎ አየ፣ ደረቱን ነፋ። የመመዘኛው ክፍል ጋ ሲደርሱ ሹራቧን አስወለቃት፣ ቀበቶዋን፣ ጉትቻዋን፣ የፀጉሯን ማስያዣ ሳይቀር። ነርሷ «ቆዳዋንም ላውልቀው?» ብላ ቀለደችበት። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ አብሳይዋ ዓይኗን ጨፈነች። ቁጥሩን ያነበበው እሱ ነው። ሰባ ዘጠኝም አልሞላም። «አለፍሽ እቴቴ» አለና ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት። ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር። ያን ጊዜ ከእናቷ ሞት ወዲህ እንደዚያ የተደሰተችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም። ነርሷ ጽፋ ጨረሰችና የቀረው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋን ማነጋገር ብቻ ነው፣ እሱን ብቻዋን ነው የምትገባው አለች። ጡንቻው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። ባለሙያዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣ ከሥራ ይልቅ ለጨዋታ የተቀመጠች መስላ ጀመረች። ቀዶ ጥገናው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን መጠንቀቅ እንዳለባት ነገረቻት። ቀጠለችና «አንድ ነገር ልንገርዎት። ለመስጠት ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምንለው ነው» አለች። «እዚህ ክፍል ውስጥ አልፈልግም ቢሉ ቃሉ ከዚህ አይወጣም። ለቤተሰብዎ ለመስጠት አትሆንም ብለን ብቻ ነው የምንነግራቸው። ማንም ቢጠይቀን ምክንያት አንሰጥም። ሰው ከዘመዶቹ ጋር እንዲጣላ አንፈልግም።»

አብሳይዋ ከሶፍቱ አንዱን መዘዘች። «የምር ችግር የተገኘበት ሰውስ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱማ ለራሱ ችግሩን ቁልጭ አድርገን እንነግረዋለን። መታከም አለበት። እርስዎንስ ክብደት ነው ብለን አልነገርንዎትም?»

ታናሽ ወንድሜም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ወይ አለቻት። ባለሙያዋ ስለ ሌላ ሰው መናገር እንደማትችል በትሕትና መለሰችላት። መናገርም አላስፈለጋትም። ያን ማታ ምክንያት አይናገሩም እያለ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ፣ በሽተኛው ተነስቶ ጀርባውን ሲመታለት፣ እሷ ራሷ ውሃ በብርጭቆ ስታቀርብለት ታያት። ከዚያ ንጋት ላይ መነሳቱ፣ ማጨብጨቡ፣ ስልኳን ማየቱ። ለሷ የለፋ መስሏት ነበር። ለካ የሱ ማምለጥ የሚሳካው እሷ ስትከሳ ነው። ንዴቱ ከሆዷ ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እሱ የወጣበት በር ለሷም ክፍት ነው። አልፈልግም ብትል ነገ ማንም ምንም አይላትም፣ ሚስትየው አላልኳችሁም ከማለት በቀር። ድስቷን ትይዛለች፣ ማንኪያዋን ትይዛለች። ከዚያ ጋሼ ያቺን ስኒ አንስቶ ከንፈሩን ብቻ አርጥቦ ሲመልሳት መጣባት፣ ንዴቱም መግቢያ አጣ። እሰጣለሁ አለች። ባለሙያዋ ያስገደደዎት ሰው አለ ወይ ብላ የመጨረሻውን ጠየቀቻት። «ማንም አልጠየቀኝም» አለች አብሳይዋ። እውነቷን ነበር። ባለሙያዋ ጻፈች፣ እሷም ፈረመች።

ስትወጣ ጡንቻው ከአግዳሚው ብድግ አለ። «እህ?» አላት።

«ለመስጠት አትሆኚም ተባልኩ» አለችው። እንዴት አፏ ላይ እንደመጣላት እሷም አታውቅም። ከተናገረችው በኋላ ግን ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሳችም። ይህ ሰው ሚዛኑን ያነበበ ሰው ነው። የበላችውን እያንዳንዷን ዳቦ ያውቃል፣ ደሟ መግጠሙን፣ ኩላሊቷና ልቧ ጤነኛ መሆናቸውን ያውቃል። ምን አገኙብሽ ብሎ መጮህ ነበረበት። በሩን በርግዶ ገብቶ ባለሙያዋን መያዝ ነበረበት። ጠይቅ፣ ግባ፣ እባክህ ጠይቅ እያለች በልቧ ለመነችው። እሱ ግን አልጠየቀም። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን ደፋ፣ የጠርሙሱን ክዳን ያዞር ጀመር፣ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። በአጠገባቸው አንድ አስታማሚ በጋሪ ወንበር ሽማግሌ እየገፋ አለፈ። እስኪርቁ ጠበቀና፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አልፈርድብሽም እቴቴ» አላት።

«ምን አድርጌ ነው የምትፈርድብኝ?»

የጠርሙሱ ክዳን ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ አላነሳውም።

«ተቀብለውኛል» አለችው። «ፈርሜ ነው የወጣሁት።»

ያ ሁሉ ሰውነት አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። መጀመሪያ የደስታ መስሎ ጥርሱ ብልጭ አለ፣ ቀጥሎ ምን እንደተናገረ ትዝ ሲለው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ካሁን አሁን ታምባርቅብኛለች ብሎ እንደሚጠብቅ ልጅ ትከሻውን ሰበሰበ። እሷ ግን ቆማ ታየዋለች። «ልጆች አሉኝ እኮ» አለ ከመዳፉ ሥር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አውቃለሁ። እኔ የለኝም።»

ቀና አለ። ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቷል። እጇን ያዘና ለጋሼ እንዳትነግረው ለመናት፣ በእናታቸው አጥንት ለመናት፣ ጋሼ ይህን ከሰማ በሽታው ሳይሆን ሐዘኑ ይገድለዋል አላት፣ ቀሪ ዘመኑን ሁሉ ባሪያዋ እንደሚሆን ማለላት። በዚያ ሁሉ ልመና ውስጥ አንዴም ይቅርታ አድርጊልኝ አላለም። አንዴ ቢላት ምን እንደምታደርግ እሷም አታውቅም። እጇን ከእጁ አላቀቀች፣ ያወለቀቻትን ጉትቻ ከኪሷ አውጥታ በጆሮዋ አደረገች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ያለኝ ሁለት ነው» አለችው። «አንዱን ጋሼ ይወስዳል። የቀረውን አንዱን እንኳ ለኔ ተዉልኝ።»